ኮርን ሜዝ፦ እናቴንና ልጆቼን ይዤ ለመሄድ ምን ማወቅ አለብኝ?

ጥያቄ፦ የአሌክሳንድሪያዋ እናት

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሲሆን የ11 ዓመት ወንድና የ6 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። ሁለቱም የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው የሄዱበትን ኮርን ሜዝ፣ ማለትም ከሰው ቁመት በላይ ባደገ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ሆን ተብሎ በተጠማዘዙ መንገዶች እየተዘዋወሩ መውጫ የሚፈለግበትን ጨዋታ፣ ካላየን ብለው ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ይወተውቱኛል። እዚህ አገር 9 ዓመት ብኖርም በመንገድ ዳር የተተከለውን ማስታወቂያ እያየሁ ከማለፍ በቀር አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም።

ዘንድሮ እናቴ ከአገር ቤት መጥታ አብራን አለች። ያደገችው ቡሬ አካባቢ ነው፤ በልጅነቷ በቆሎው እሸት ሲይዝ ጦጣና ዝንጀሮ እንዳይጨርሰው ማማ ላይ ወጥታ፣ ወንጭፍ ይዛ ትጠብቅ እንደነበር ለልጆቼ ትነግራቸዋለች። ሰዎች ገንዘብ ከፍለው በቆሎ ውስጥ እየገቡ እንደሚጠፉ ስነግራት ግን ጥቂት ዝም አለችና «እህሉስ? ሲረገጥ ባለቤቱ ዝም ብሎ ያያል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። የወደቀ እንጀራ አንስታ የምትስም ሴት ስለሆነች ይህን ሳላስረዳት ወደዚያ ልወስዳት አልፈልግም።

ስለዚህ የምታውቁ ሰዎች እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እህሉ በእርግጥ ይባክናል ወይ? ጉልበቷን ለሚያማት የ70 ዓመት እናት መንገዱ ይቻላል ወይ? ትንሿ ልጄ ጨለማና ጭምብል ስለምትፈራ መቼ ብንሄድ ይሻላል? ጽጌንም የምንጾም በመሆናችን እዚያ የሚበላ ነገር እናገኛለን ወይ?

መልስ 1፦ የሦስት ልጆች አባት

እህቴ፣ እንኳን እናትዎ በሰላም መጡልዎ። እኔና ባለቤቴ ልጆቻችንን ይዘን ላለፉት ስድስት ዓመታት በየመከሩ ሄደናል፤ ከቤተሰባችን ልማዶች ሁሉ ልጆቹ አስቀድመው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ስለ እህሉ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ይመልስልዎታል ብዬ ስለማምን እኔ ስለ ጉዞው ልናገር።

በእኛ አካባቢ ምርጫው ብዙ ነው። ሴንተርቪል ያለው ኮክስ ፋርምስ፣ ብሉሞንት ያለው ግሬት ካንትሪ ፋርምስ፣ ሜሪላንድ ፍሬድሪክ ካውንቲ ያለው ሰመርስ ፋርም ሁሉም የበቆሎ መንገድ አላቸው። ሆኖም ማሳዎቹ በስፋትም በአስቸጋሪነትም እኩል ስላልሆኑ ከመነሳትዎ በፊት የየእርሻውን ድረ ገጽ ከፍተው ሦስት ነገር ይመልከቱ፤ ለትንንሽ ልጆች የተለየ አጭር መንገድ አለው ወይ፣ ትኬቱ በሰዓት የተወሰነ ነው ወይ፣ ዝናብ ቢዘንብ ማሳው ይዘጋል ወይ። ሦስተኛውን ችላ አይበሉት። የማሳው መንገድ አስፋልት ሳይሆን የታረሰ አፈር ስለሆነ ከዝናብ በኋላ ጭቃው ጫማ እስከመንቀል ይደርሳል፤ ለእናትዎ ጉልበት ደግሞ ከርቀቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ይህ ጭቃና የተቆረጠው አገዳ ከመሬት ቀና ብሎ የቀረው ጉቶ ነው። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ቀን ፀሐይ የወጣበትን ጊዜ ጠብቀው ይሂዱ፤ እናትዎም ከዘራ ወይም የሚደገፉበት በትር ይያዙ፤ ጫማቸው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን።

ወደ 5 ኤከር (2 ሄክታር ገደማ) የሚሆን ማሳ ሳይቸኩሉ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በውስጡ መጸዳጃ ቤት ስለማይኖር ልጆቹን አስቀድመው ያስገቧቸው፤ ውኃም ይያዙ። የበቆሎ ቅጠል ጠርዙ ቆዳ ስለሚጭር ቀኑ ሞቃት ቢሆንም እንኳ እጀ ረጅም ልብስ ያልብሷቸው። ሕፃን የያዘ ሰው ጋሪውን መኪናው ውስጥ ትቶ ሕፃኑን ቢያዝል ይሻለዋል።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልምጣ። በመጀመሪያው ዓመት ካርታውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ በፍጥነት ወጣን፣ ነገር ግን ልጆቼ ምንም አልተደሰቱም፤ ከኋላዬ መከተል ብቻ ነበር የደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ ካርታውን ለትልቋ ልጅ ሰጥቼ እኔ ከኋላ እሄዳለሁ። መንገድ በተከፈለበት ቦታ ሁሉ ቆመው ይከራከራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ብዙ እርሻዎች በማሳው ውስጥ ልዩ ልዩ ጣቢያዎች አስቀምጠው በየጣቢያው ወረቀት የሚበሳ ወይም ማኅተም የሚመታ መሣሪያ ስለሚያኖሩ ጨዋታው መውጣት ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ጣቢያ አግኝቶ መውጣት ይሆናል። በአንዳንዶቹ ካርታው ራሱ ተቆራርጦ በየሳጥኑ ስለሚገኝ እየተገጣጠመ ይሄዳል። የ11 ዓመቱ ልጅዎ ይህን እንደሚወደው አልጠራጠርም።

ቢጠፉም አይስጉ፤ ቀኝ እጅዎን በበቆሎው ግድግዳ ላይ አድርገው ሳይለቁ ከሄዱ ሁልጊዜ ይወጣሉ።

መልስ 2፦ የእጽዋት ሳይንስ ባለሙያ፣ ከፔንስልቬንያ

የእናትዎ ጥያቄ ከሁሉ በፊት መልስ ይገባዋል፤ እኔንም ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ እርሱ ነው። እህል ያበቀለ ሰው ብቻ እንዲህ ይጠይቃል።

ለእናትዎ እንዲህ ብለው ይንገሯቸው፦ የበሰለ እህል እየተረገጠ አይደለም። መንገዱ የሚወጣው በቆሎው ገና ከጉልበት በታች ሳለ፣ ራስ ከመያዙ ብዙ ሳምንታት በፊት ነው። አገራችን በቆሎ በሽልሻሎ ጊዜ ተጠጋግቶ የበቀለው እንደሚሳሳ ሁሉ እዚህም ገበሬው ለመንገድ የተመደበውን ቡቃያ ያነሳል። በማጨጃ ብቻ ከላይ ቢቆርጠው አይበቃውም፤ በቆሎ አምስት ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ የእድገቱ ጫፍ ከአፈር በታች ስለሚቆይ ቶሎ የታጨደው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ መንገዱን በአነስተኛ ማረሻ ይገለብጡታል። ንድፉ የሚሠራው በወረቀት ላይ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ ሲሆን፣ ገበሬው መሬቱንም በችካልና በባንዲራ በዚያው ልክ ከፋፍሎ ይቀዳዋል፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ትራክተሩ ላይ በተገጠመ ጂፒኤስ ይመራል።

አዘራሩም ከተለመደው የተለየ ነው። በእኛ አካባቢ ለምርት የሚዘራ በቆሎ አብዛኛውን ጊዜ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መሬት ይገባል፤ ለጨዋታ የሚዘራው ግን በኦክቶበርም አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆም ዘግየት ብሎ ነው የሚዘራው። አንድ ጊዜ በቁመት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በአግድም ስለሚዘራ ግድግዳው ይወፍራል፤ በመስመሩ መካከል ተሹሎኩሎ ወዲያ ማየት አይቻልም። ይህ መጠጋጋት ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ እርስ በርሱ በውኃና በብርሃን ስለሚሻማ የሚይዘው ራስ ያንሳል። ስለዚህ ምንም አይቀንስም ብዬ አልዋሽዎትም፤ መንገድ የሆነው መሬት አያፈራም፣ የቀረውም ከለመደው ያነሰ ይሰጣል። ነገር ግን ቆሞ የሚቀረው በቆሎ በኖቬምበር ወቅቱ ሲያበቃ ይታጨዳል፤ ፍሬው በአብዛኛው ለከብት መኖ ይውላል። ለእሸት የሚሆነው ጣፋጭ ዓይነት ሳይሆን ጥርስ የማይበግረው የመኖ በቆሎ ስለሆነ ልጆቹ ቀጥፈው ለመጥበስ ቢሞክሩ አይበላላቸውም፤ መቅጠፉም አይፈቀድም።

ገበሬው ይህን ለምን ይመርጣል የሚለውን የሚመልሰው የገቢው ነገር ነው። በቆሎ በገበያ ዋጋው ሲወርድ የአነስተኛ እርሻ ባለቤት ከጥቂት ኤከር የሚያገኘው ገንዘብ መሬቱን ለማቆየት አይበቃውም፤ ከተማ እየሰፋ በሚመጣበት ቦታ ደግሞ መሬቱን ሽጥ የሚለው ግፊት ይበረታል። ከመግቢያ፣ ከዱባና ከምግብ ሽያጭ የሚገኘው ገቢ ብዙ ቤተሰቦችን በእርሻቸው ላይ አቆይቷል። የአሜሪካ የግብርና ቆጠራ እንደሚያሳየው እርሻዎች ከጎብኚዎች ያገኙት ገቢ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 949 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2022 ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ከዚህ ውስጥ የበቆሎው መንገድ አንዱ ክፍል ብቻ ቢሆንም የእናትዎ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ይመስለኛል፦ ባለቤቱ ዝም ብሎ የሚያየው እህሉን ስለናቀ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲዘራ ስለሚረዳው ነው።

ታሪኩም ብዙ ዘመን ያስቆጠረ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በቁጥቋጦ አጥር የተሠሩ እንደ ሃምፕተን ኮርት ያሉ የመጥፊያ መንገዶች ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ በበቆሎ የተሠራው ዘመናዊው ዓይነት ግን የተጀመረው እዚሁ ፔንስልቬንያ፣ አንቪል በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የቲያትር አዘጋጁ ዶን ፍራንትዝና እንግሊዛዊው የሜዝ ነዳፊ ኤድሪያን ፊሸር በሌባነን ቫሊ ኮሌጅ አጠገብ በ3 ኤከር ገደማ መሬት ላይ የዳይኖሰር ቅርጽ ያለው ማሳ ሠሩ፤ በዚያ ዓመት ሚሲሲፒና ሚዙሪ ወንዞች ሞልተው ብዙ ገበሬ ተጎድቶ ስለነበር ገቢው ለጎርፉ ተጎጂዎች እርዳታ ዋለ። ዛሬ ጨዋታ የምንለው ነገር ገበሬ ለመርዳት በተሰበሰበ ገንዘብ መጀመሩን እናትዎ ቢሰሙ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ በስፋት የሚወዳደሩም ተነሡ፤ በካሊፎርኒያ ዲክሰን ያለው ማሳ እ.ኤ.አ. በ2014 60 ኤከር፣ ማለትም ከ24 ሄክታር በላይ ሆኖ በጊነስ መዝገብ ገብቷል። ለቤተሰብ ግን እንዲህ ያለውን አልመክርም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጅ የሚደክመው ሰውነቱ ብቻ አይደለም።

መልስ 3፦ የሒሳብ መምህርት

ከላይ የሦስት ልጆች አባት የጻፉት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ በአክብሮት ላርም። እጅን ከግድግዳ ሳያነሱ መሄድ ሁልጊዜ ያወጣል የሚለው ትክክል የሚሆነው ከመግቢያው ጀምረው እጅዎን ካሳረፉና መግቢያውና መውጫው በአንድ በተያያዘ ግድግዳ ላይ ካሉ ነው። በበቆሎ ማሳ ውስጥ ግን ከዙሪያው ያልተያያዙ፣ እንደ ደሴት ለብቻቸው የቆሙ የበቆሎ ክምችቶች ይኖራሉ፤ መሃል ላይ ከጠፉ በኋላ የደሴቱን ግድግዳ ከያዙ ያንኑ ቦታ ሲዞሩ ይውላሉ። ድልድይ ያለበት ማሳ ከሆነ ደግሞ አንዱ መንገድ በሌላው ላይ ስለሚያልፍ ዘዴው ይበልጥ ይደክማል። ዘዴው ቢሠራ እንኳ የመሃሉን ጣቢያዎች ሳያዩ በዳር በኩል ሊያወጣዎት ይችላል።

የተሻለው መንገድ መስቀለኛ ቦታዎችን ማስታወስ ነው። መንገዱ በተከፈለበት ሁሉ የሄዱበትን በወረቀት ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ወደማያስወጣ ጫፍ ከደረሱ ወይም አስቀድመው ወዳዩት መስቀለኛ ቦታ በአዲስ መንገድ ከመጡ በመጡበት ይመለሱ፤ ሁለት ጊዜ የሄዱበትን መንገድ ግን ለሦስተኛ ጊዜ አይግቡበት። ይህ ማንኛውንም ማሳ የሚፈታ ዘዴ ነው፤ የ11 ዓመት ልጅም በደንብ ይሠራዋል። አገዳ ሰብሮ ምልክት ማድረግ ግን ነውር ነው፤ ከኋላ የሚመጣውንም ሰው ጨዋታ ያበላሻል። በግድግዳው መሃል ጥሶ ማቋረጥም እንዲሁ፤ አንድ ሰው የጣሰበት ቀዳዳ በማግስቱ መንገድ ይሆናል።

ስለ መጥፋቱም እውነቱን ላስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ2011 በማሳቹሴትስ ዳንቨርስ ትንሽ ሕፃን የያዘ ቤተሰብ ጨለማ ይዞት ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ 911 ደወለ፤ ፖሊስ ከውሻ ጋር ገብቶ ሲያገኛቸው ከመውጫው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነበር የቀራቸው። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መግባት እንደሚገባ ነው። በኦክቶበር አጋማሽ በእኛ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን በበቆሎው መካከል ደግሞ ጨለማው ቀደም ብሎ ይወርዳል። በአንዳንድ እርሻዎች ለየቤተሰቡ በረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ባንዲራ ይሰጣል፤ እርሱን ከበቆሎው በላይ ከፍ ሲያደርጉ ከፍ ካለ ቦታ የሚጠብቅ ሠራተኛ አይቶ ይመጣል። ስልክ ለመደወል ይጠቅማል እንጂ የስልኩ ካርታ የማሳውን መንገድ አያሳይም።

መልስ 4፦ ዘማሪት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ስለ ጾሙና ስለ ልጅሽ ፍርሃት ብቻ ባጭሩ ልጻፍልሽ። ጽጌ የሚገባው መስከረም 26 ስለሆነ በመስቀል ሰሞን ብትሄዱ ከጾሙም ትቀድማላችሁ፤ አብዛኞቹ ማሳዎች በዚያን ጊዜ ተከፍተው ሰዉም ገና አልበዛም። በጾሙ ውስጥ ከሄዳችሁ ደግሞ በትልቅ ድስት በዘይትና በስኳር የሚፈነዳው ፈንዲሻ አለ፤ ቅቤ እንዳልገባበት ግን ጠይቂ። ሳይደር የሚሉት የፖም ጭማቂም ለጾም ይሆናል፤ ዶናቱ ግን እንቁላልና ወተት ስላለበት ይቅርባችሁ።

ልጅሽ ጭምብል የምትፈራ ከሆነ በኦክቶበር የሌሊቱን ዝግጅት ፈጽሞ አትያዢ። በአንዳንድ እርሻዎች ያው ማሳ ሲመሽ ሰው ለማስፈራራት የሚዘጋጅበት ቦታ ይሆናል፤ ትኬቱም ለየብቻ ነውና ስትገዢ የቀኑ መሆኑን አረጋግጪ። የእኔን ልጅ ሳላውቅ ይዣት ሄጄ ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥታብኛለች፤ ይህ እንዳይደርስብሽ ነው የምነግርሽ።

ጠያቂዋ፦ የአሌክሳንድሪያዋ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የባለሙያውን መልስ ለእናቴ አነበብኩላት፤ በተለይ ቡቃያው ገና ትንሽ ሳለ እንደሚነሣና የቀረው ለከብት እንደሚታጨድ ስትሰማ «እንግዲያስ ሽልሻሎ ነዋ» ብላ ለመሄድ ራሷ ቀን ቆረጠች።

የሄድነው የመስቀል ማግስት ቅዳሜ፣ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ነው። መሬቱ ደርቆ ነበር። እናቴ ገና ሳንገባ በዳሩ ቆማ አገዳውን በእጇ እየዳሰሰች ተጠጋግቶ መዘራቱን አየችና የያዘው ራስ ለምን እንዳነሰ ለልጆቼ አስረዳቻቸው፤ ከማሳው ባለቤቶች አንዱ በአጠገባችን ቆሞ ስለነበር ልጄ እየተረጎመላቸው ስለ ዝናቡና ስለ አረሙ ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። እኔ ስለ እንዴት እንወጣለን ስጨነቅ ለሰነበትኩት ይህ ያልጠበቅሁት ደስታ ነበር።

በማሳው መካከል ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ድልድይ ነበረ። ጉልበቷ ስለደከመ እናቴን እዚያው አግዳሚው ላይ አስቀምጠን እኛ ወደ ታች ወረድን፤ ልጄ በመምህርቷ ዘዴ መስቀለኛ ቦታዎችን በወረቀት እየያዘ ከስምንቱ ጣቢያዎች ስድስቱን አገኘ። ሰባተኛው ላይ ሦስት ጊዜ ተሳስተን ቆመን ሳለ ከላይ የእናቴን ድምፅ ሰማን። ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ በበትሯ ወደ ግራ እየጠቆመች፣ ማማ ላይ እንደምትሆነው ከፍ ባለ ድምፅ ትንሿን ልጄን በስሟ ትጠራት ነበር። ልጄም ከበቆሎው ውስጥ «አየሁሽ አያቴ!» እያለች በጠቆመችበት ሮጠች፤ ሳጥኑም እዚያው ነበር።